በአንድ ምላጭ የተቆረጡ

ሌባን ፊት ለፊት ሌባ ብለው አይጠሩትም፤ ይወጋል። ሌባ የሚባለው ሌባ ያልሆነ ሰው ነው፤ ያውም የሚወዱት ሰው። ይህን እውነት ለማስረዳት ዳኛ ፊት እቆማለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ቆምኩ ግን፤ ያውም ጁባ ላይ፣ ያውም የሰው ፀጉር በልታ ከታሰረች ፍየል ጎን።

ሥዩም እባላለሁ። ሀይ ጀላባ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ። አንድ ደህና ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወትና ከእኔ በላይ የሚያስል ጄኔሬተር አለኝ። በሩ ላይ በእንግሊዝኛም፣ በአረብኛም፣ በአማርኛም "ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ" የሚል ተጽፏል፤ የምኮራበትም እሱ ነው። ቁመቴ አጭር ስለሆነ የቢራ ሳጥን ላይ ቆሜ ነው የምሠራው። ጁባ ደግሞ የረጃጅሞች አገር ስለሆነች ዕድሜዬን ሳጥን ላይ እየጨረስኩት ነው። በቁመቴ የሚቀልድብኝን ሰው አልወድም። ግማሽ ራሱን ላጭቼ ያባረርኩት ደንበኛ አለ። የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቶክ።

ቶክ ቶንፒንግ ሰፈር ያለ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው። ኑዌር ነው፤ ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ ተወልዶ አዲስ አበባ ጎፋ ሰፈር ያደገ። አገሩ ነፃ ስትወጣ ተመለሰ። መጀመሪያ ሱቄ የገባ ቀን በሩን ለማለፍ እንደ ካህን ጎንበስ ሲል አየሁትና ለራሴ በአማርኛ፣ "አሁን ይሄን የመብራት እንጨት በምን መሰላል እደርስበታለሁ?" አልኩ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ በመስታወቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ከላይ እስከ ታች የሚወስደው ጊዜ ደግሞ ትንሽ ነው።

"ሳጥንህ ላይ ውጣ፣ አንተ ድንክ" አለኝ። በጎፋ አማርኛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጄ ነው። ጠዋት በቦዳ ሞተር ሲያልፍ "አንተ ሌባ፣ ዛሬም ከፈትክ?" ይለኛል፤ "አንተ መብራት የሌለህ የመብራት እንጨት፣ ዛሬም አልወደቅክም?" እለዋለሁ። ወባ ጥሎት ሳለ ሾርባ ይዤለት ሄድኩና "አትሞትም፣ አትፍራ፤ አንተን የሚበቃ ጉድጓድ የሚቆፍር የለም" አልኩት፤ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ሕግ ግን አለን። እናት አትነካም፤ እናቱ በስደት ላይ ሞታለች፤ የእኔም ደብረ ሲና ብቻዋን ናት። ዘርም አይነካም። በተረፈ ሜዳው ሰፊ ነው። ሲከፋው ብቻ ነው "ወንድሜ" የሚለኝ። ቶክ "ወንድሜ" ብሎ ከደወለ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ነገሩ የተበላሸው ቶክ ሊያገባ ሲል ነው። ልጅቷ ጆይ ትባላለች፤ እሷም አዲስ አበባ አብራው ያደገች፣ አሁን ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ጎበዝ። በእነሱ ወግ ያለ ከብት ሰርግ የለም። ቶክ አባት ስለሌለው ከብቱን የሚሰጡት አጎቱ ናቸው፤ አባባ ዱዎፕ። ለዚሁ ጉዳይ ከገጠር መጡና፣ የወንድማቸውን ልጅ ሊያዩ ቢፈልጉት ፀጉር ቤት ነው አሏቸው።

እስቲ በእሳቸው ዓይን እዩት። የወንድማቸው ልጅ ወንበር ላይ ተንጋሏል። ፊቱ አረፋ፣ ጉሮሮው ሰማይ እያየ ነው። አንድ አጭር ሐበሻ ሳጥን ላይ ቆሞ ጉሮሮው ላይ ምላጭ አሳርፏል። ሐበሻውም እንዲህ ይላል፦

"አትንቀሳቀስ አንተ አህያ! አርድሃለሁ! ደግሞ አንተን አርጄ ማን ይገዛኛል? አጥንት ብቻ!"

"እረደኝ እስቲ፣ አንተ ሌባ" ይላል ቶክ በአረፋው ውስጥ እየሳቀ።

"አህያው ማነው?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። በአማርኛ።

ዘወር ስል በሩን የሞሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት ጠባሳ ተሰምሯል፤ በኑዌር ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በምላጭ የሚወጣ ምልክት ነው። ሙያዬ ነውና ግንባር ሳላይ አላልፍም። አምስቱ በክር የተለኩ ይመስላሉ። ሦስተኛው ግን ከግራ ቅንድባቸው በላይ ሲደርስ ዝቅ ብሎ፣ ተመልሶ ይወጣል። የቆራጩ እጅ ከድቶት ነው ብዬ በልቤ ታዘብኩ።

"አባባ!" ብሎ ቶክ ከነአረፋው ተነሳ። "ጨዋታ ነው። ጓደኛዬ ነው።"

"ጓደኛህ አህያ ካለህ ጠላትህ ምን ይልሃል?"

 ጠላት "አቶ" ነው የሚለው፤ ግን ይሄን እንዴት ያስረዱታል?

ሽማግሌው አማርኛ ስላልገባቸው አልነበረም የተቆጡት፤ ስለገባቸው ነው። ጋምቤላ በስደት ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ አህያ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ወደ እኔ ሳያዩ ለቶክ እንዲህ አሉት፦ "ለጆይ አባት፣ የወንድሜ ልጅ ሰው ነው ብያቸዋለሁ። ላም የሚነዳው ለሰው ነው። ለአህያ ላም አይነዳም።" ይህን ብለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ሱልጣን ከሰሱኝ። ጁባ ላይ በባህል የሚፈርድ ዳኛን ሱልጣን ይሉታል።

ሱልጣኑም ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ስድብ ክልክል ነው፣ በክብር ተነጋገሩ ብለው አዘዙ። ትእዛዝ ነውና አከበርን። እንደዚያ ያለ ሳምንት ለጠላቴም አልመኝም። ቶክ ይመጣል፤ በሩ ላይ ባርኔጣውን ያወልቃል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ሥዩም።"

"እንደምን አደሩ፣ አቶ ቶክ። ይግቡ።"

"ጄኔሬተርዎ ደህና ነው?"

"ያስለዋል። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ይማርልዎ።"

ከዚያ ሁለታችንም ወለል ወለሉን እናያለን። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች እርስ በርስ ተያዩና አንዱ ተነስቶ፣ ማን እንደሞተብን ሳይጠይቅ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎን ሄደ። ሌላው ደግሞ ልንገዳደል ነው ብሎ ሳይላጭ ወጣ። እኔም ብሶብኝ ሁሉንም ሰው በሌለ ትሕትና እላጭ ጀመር፤ ማታ ስዘጋ መንጋጋዬን ያመኛል። ስድብ ለካ ጉልበት ይሰጣል።

ሐሙስ ጆይ እንደ አውሎ ነፋስ ገባች።

"ምን አድርጋችሁብኝ ነው?" አለችኝ። "ቶክ ትናንት እራት ላይ 'እባክሽ' አለኝ! 'እባክሽ ጨው አቀብይኝ'! ሌላ ሴት ያዘ ብዬ ስልኩን ፈተሽኩ እኮ!"

"ትእዛዝ ነው፣ ጆይ። ምን ላድርግ?"

ወንበሬ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "አጎቱ ምረጥ ብለውታል" አለች ቀስ ብላ። "ፍርዱ ካላነጻህ፣ ወይ ያንን ፀጉር ቆራጭ እስከወዲያኛው ተው፣ ወይ ላሞቹን እርሳ። ሰርግ የለም።"

"ታዲያ ምን ያስባል? አንቺን ይምረጥ እንጂ፣ ይሄ ደደብ!"

"እኔም እንደዚያው አልኩት። 'አንቺን እመርጣለሁ' አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ግድግዳውን እያየ፣ 'ሰርጌ ላይ ማን ይሰድበኛል?' አለ። ሥዩም፣ አለቀሰ እኮ።"

 ፊቴን ወደ መስታወቱ አዙሬ፣ ንጹሕ ቶንዶዝ መጥረግ ጀመርኩ። ይሄ ሁሉ ዓመት ጁባ ስኖር ጄኔሬተር ሰርቀውብኛል፣ ወባ ደጋግሞ ጥሎኛል፤ የዚያን ቀን ያህል ብቻዬን የሆንኩ አልመሰለኝም። ቶክ ካጣኝ ሰርግ አለው። እኔ ቶክን ካጣሁ ያለኝ ሳጥን ብቻ ነው።

ችሎቱ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነበር። ከእኛ በፊት የታየው ጉዳይ የአንዲት ነጋዴን ውድ ሂውማን ሄር የበላች ፍየል ጉዳይ ነው። ፀጉሩ ገና አልወጣምና ፍየሏ በማስረጃነት ተይዛ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ታስራለች። እኔን የተከሳሽ ቦታ ብለው ያቆሙኝ ከእሷ ጎን ነው። ሱልጣኑ ወፍራምና ታጋሽ ሰው ናቸው፤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ግራና ቀኛቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም ድሮ ነርስ የነበሩ አንዲት ኮስታራ እናት አሉ። ከኋላ ደግሞ ሕዝብ ሞልቷል፤ ግማሹ የእኔ ደንበኛ ነው። ሰው ጨዋታ ሲያጣ ችሎት ይሄዳል።

መጀመሪያ የአስተርጓሚ ችግር ተነሳ። የእኔ አረብኛ "ስንት ነው" እና "ቀንስ" ከማለት ብዙም አያልፍም፤ ሰው ሲናገር እሰማለሁ እንጂ ለክርክር አይበቃኝም። በዳሱ ውስጥ አማርኛ የሚችሉት ከሳሹና ተበዳዩ ብቻ ናቸው፤ ጆይ ገበያዋን ትታ አልመጣችም፣ ልቤ አይችልም ብላ።

"ከሳሽ አያስተረጉምም" አሉ ሱልጣኑ። "ተበዳዩ ያስተርጉም።"

እንዲህ ሆኖ ቶክ በእኔ መሰደቡን በእኔ አፍ ሊናገር ቆመ።

አባባ ዱዎፕ አጭር ንግግር አደረጉ። የወንድማቸው ልጅ ምላጭ ሥር ተኝቶ አህያ ሲባል እንደሳቀ ተናገሩ፤ አህያ ተብሎ የሚስቅ ሰው ነገ ልጆቹን ማን ያከብርለታል ብለው ጠየቁ። ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ። ንግግራቸው በጣም ጥሩ ስለነበር እኔ ራሴ በራሴ ላይ ልፈርድ ምንም አልቀረኝም።

ሱልጣኑ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ወዳጅነት ከሆነ እስቲ ስደበው፣ እንስማ።"

 አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ስድብ፣ በሩ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሁሉ፣ ዳኛ ሲያይ በየጓዳው ገባ።

"አንተ ... የተከበርክ ..." አልኩ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ቶክ በተራው ሞከረ፤ ላብ በግንባሩ እየወረደ "አንተ ... መልካም ጎረቤት" አለኝ። አንዱ ሽማግሌ ለሌላው "እነዚህ ሰዎች ክፉኛ ይጠላላሉ" አሉ።

ሱልጣኑ ካርቶናቸውን አስቀመጡ። "በእኛ ዘንድ" አሉ፣ "እኩያ እኩያውን ቢሰድብ አይጠየቅም። እኩያ ማለት ባንድ ወቅት፣ ባንድ ምላጭ ግንባሩን የተቆረጠ፣ ሳይጮህም የተነሳ ነው። እነሱ ያሻቸውን ይባባሉ። አንተ ልጅ፣ እኩዮችህ እነማን ናቸው?"

ቶክ ልሙጥ ግንባሩን ነካ። "ስደት ላይ ነው ያደግኩት፣ ሱልጣን። ጎፋ ሰፈር ግንባር የሚቆርጥ የለም።"

"እንግዲያው እኩያ የለውም" አሉ ከሱልጣኑ ጎን የተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ፤ በክፋት አልነበረም፣ የሚያዩትን ነው የተናገሩት። ቶክ አንገቱን ደፋ። ያ ረጅም ሰው፣ ያ የመብራት እንጨት፣ በዳሱ መሃል አጥሮ ታየኝ። ያኔ ደሜ ፈላ።

"እኔ አለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ነኝ እኩያው!" ፀጉሬን ወደ ኋላ ሰብስቤ ቀኝ ቅንድቤ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቴ አሳየሁ። "ይቺን ማን ቆረጣት? እሱ! ራሱ! በገና ዋዜማ!"

ቶክ እያስተረጎመ ነገሩን ተረኩ። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ከጠፋባቸው ዓመታት በአንዱ፣ የገና ዋዜማ ላይ ሱቄ ውስጥ የቀረችው አንዲት ምላጭ ነበረች። ቶክን ላጨሁት። ከዚያ ጄኔሬተሩን ሳስነሳ እጄን ስላቃጠለኝ ራሴን መላጨት አልቻልኩም። "እኔ ልላጭህ፣ በዓል ነው፣ ጃርት መስለሃል" አለኝ። ተቀመጥኩ። መኪና እንጂ ምላጭ ነድቶ የማያውቅ ሰው፣ እየሳቀ፣ ግንባሬን ሸረከተኝ።

"ባንድ ቀን፣ ባንድ ምላጭ!" ብዬ ዘጋሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ፍየሏም የሆነ ነገር አለች።

"ቆይ" አሉ ነርሷ እናት። መነጽራቸውን አደረጉ። "በርህ ላይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ይላል። አሁን አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው ነው የምትለን?"

ጭብጨባው ቆመ። ከኋላዬ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሲዳብሱ ሰማሁ፤ ጉንጭ ሲዳበስ ድምፅ አለው። ነገሩ ተቆልፎ ነበር፦ ምላጩ ሁለት ነበር ካልኩ እኩያው አይደለሁም፤ አንድ ነበር ካልኩ ፀጉር ቤቴ አበቃለት።

ቶክ ሳያስተረጉም ቀስ ብሎ "ሁለት ነበር በል" አለኝ። "ሱቅህን አታጥፋ።"

"አንድ ነበር!" አልኩ። ለዚች ቃል አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ "ዋሂድ" ብዬ ጣቴን ቀሰርኩ። "ከእሱ በቀር ለማንም አድርጌው አላውቅም። ከእሱ በቀር ለማንም አላደርገውም።"

ነርሷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱልጣኑ ወደፊት ሳብ አሉ። "የመጨረሻው ይቀራል። ስትቆረጥ ጮኸሃል? የጮኸ እኩያ አይሆንም።"

እዚህ ላይ ወሽመጤ ተቆረጠ። ጮኼ ነበር። ኡኡ ብዬ ጎረቤት ሰብስቤ፣ ሰው በዱላ መጥቶልኝ ነበር። ከኋላ ከተቀመጡት አንዳቸው ቢያስታውሱስ? ደግሞ ስሳደብ እውላለሁ እንጂ ዳኛ ፊት አልዋሽም፤ እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም።

"ንገራቸው" አልኩት ለቶክ። "እውነቱን ንገራቸው። ጮኼያለሁ።"

ቶክ ወደ ሱልጣኑ ዞረ። ፊቱ እንደ ቅዱስ ሆነ። በአረብኛ ምን እንዳለ ገባኝ፦ "ሥዩም 'ትንፍሽ አላልኩም፣ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም' ይላል" አለ።

"ምን አልክ አንተ ቀጣፊ!" በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ከጓዳው ወጣ። "አንተ አህያ! አንተ መብራት የሌለህ የመብራት እንጨት! ዳኛ ፊት በእኔ አፍ ትዋሻለህ?"

"ዝም በል አንተ ድንክ! እያዳንኩህ ነው!"

"ማን አድነኝ አለህ? ሞላጫ!"

"ውለታ የማያውቅ! ግማሽ ሰው!"

ሳጥን እንኳ ሳይኖረኝ ደረቱ ሥር ቆሜ እጮሃለሁ፤ እሱ ከላይ ይጮህብኛል፤ ሁለታችንም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ገና መተንፈሳችን ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የእኔም።

"ምን እያለ ነው?" አሉ ሱልጣኑ።

"እያመሰገነኝ ነው" አለ ቶክ።

ሱልጣኑ አላመኑም። ፊታቸውን ወደ አባባ ዱዎፕ አዞሩ። "አንተ ቋንቋቸውን ታውቃለህ። ይህ ሰው ስለ ምላጩ የተናገረውን ልጅህ በትክክል አስተርጉሟል? ጮኸሃል ወይ ሲባል ምን አለ?"

አለቀልን አልኩ። ከሳሽ ናቸው፤ በጆሯቸው ሰምተዋል፤ አንድ ቃል ይበቃቸዋል። ቶክ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በቀጥታ ያዩኝ። ከዚያ ቶክን አዩት።  ቀኝ እጃቸው በራሱ ጊዜ ይመስል ተነሳና ግንባራቸው ላይ፣ ከግራ ቅንድባቸው በላይ አረፈ።

"ልክ አስተርጉሟል" አሉ። "አልጮኸም።"

ሱልጣኑ ፈረዱ። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ በመካከላቸው ስድብ የለም፣ ያለው ጨዋታ ነው። ፀጉር ቆራጩ ግን ከዛሬ ጀምሮ ምላጭን ከነወረቀቱ ለደንበኛው አሳይቶ ይክፈት። ከላስ፣ አለቀ። ፍየሏም ፀጉሩ እስኪወጣ ትቆይ። ቶክ ወዲያው በሁለት እጁ ከመሬት አነሳኝና "ይሄን ሌባ እዩልኝ!" እያለ በሕዝቡ መሃል አዞረኝ። አባባ ዱዎፕ ግን ማንንም ሳያናግሩ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ስለ ላሞቹ ምንም አላሉም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ደነገጥኩ። ሰላምታዬን ተቀብለው ገቡና፣ ቶክ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ላሞቹን እንዲነዱ ትናንት ደውያለሁ" አሉ። "ሰርጉ ላይ አንተ ከልጄ ጎን ትቆማለህ።"

ሳጥኔ ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። "አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ... ለምን እንደዚያ አሉልኝ? ሰምተውኛል እኮ። ጮኼያለሁ ነው ያልኩት።"

በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። "ያን ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ግንባሬን አየኸው። ሦስተኛውን። የቆራጩ ስህተት ነው ብለህ አለፍክ፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ስህተቱ የእኔ ነው" አሉ። "በተርታ ተኝተን ነበር። ምላጩ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጮህኩ። እንደ ጥጃ። ራሴንም አወዛወዝኩ። አጠገቤ የተኛው ጋትሉዋክ ይባላል። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ 'እኔ ነኝ የጮህኩት፣ እሱንም በእግሬ የመታሁት እኔ ነኝ' አለ። አመኑት። ልጃገረዶች ዘፈን አወጡበት። እስኪያረጅ ድረስ ፈሪ ተባለ። ለማንም አልተናገረም።"

 ጄኔሬተሩ፣ ደግነቱ፣ ገና አልተነሳም።

"ለእኔ ግን በየቀኑ 'ጥጃ' ይለኝ ነበር። 'ጥጃ፣ አደርክ?' 'ጥጃ፣ ትንባሆ አለህ?' ሚስቶቼ ፊት፣ ልጆቼ ፊት። ሁሉም የእኩያ ጨዋታ ነው ብሎ ይስቃል። ምን ማለቱ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።" ትንፋሻቸውን ሳቡ። "ባለፈው ክረምት ሞተ። እሱ የመጨረሻው እኩያዬ ነው። አሁን ሁሉም ሰው አባባ ይለኛል።"

ይህን ብለው ራሳቸውን ወደ ኋላ ደገፉ፣ ጉሮሯቸውን ሰጡኝ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። "ላጨኝ" አሉ።

በፍርዱ መሠረት አዲሱን ምላጭ ከነወረቀቱ አሳየኋቸው፤ አላዩትም። ፊታቸውን በአረፋ ቀባሁ። የሚጠብቁትን አውቄዋለሁ። ግን እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ ሲመጣ ከወንበር የሚነሳ፣ ሽማግሌ ሲናገር ምላሱን የሚውጥ። ሽማግሌ መሳደብ እኛ ዘንድ እርግማን ነው። 

"አባባ ..." ብዬ ጀመርኩ።

ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ወደቀ። ትንሽ አረጁ።

እናቴ ይቅር ትበለኝ።

"አንገትዎን ቀና ያድርጉ እንጂ" አልኩ፤ "ቀና ያድርጉ፣ አንቱ ጥጃ!"

አረፋው መሃል ላይ ተሰነጠቀና ጥርሳቸው ታየ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም፤ ምላጩን ከጉሮሯቸው አርቄ ጠበቅኩ።  በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው በመስታወቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ሳጥንህ ላይ ውጣ፣ አንተ ድንክ" አሉኝ።

ወጣሁ።